150 ዙር የት ገባ?

ጥያቄው (አሳጥሬዋለሁ)፦ «ከወንድሜ ጋር አንድ መቀመጫ ያላት ትንሽ አውሮፕላን እየሠራን ነው። ሞተሯ የፎልስ ነው፣ 1600። ገና አልበረረችም። ጣሊያን ሠፈር ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን ማቆሚያ ላይ አስረን እንፈትሻለን። ያለ አየር ፊልትሮ ሙሉ ነዳጅ ስንሰጠው በደቂቃ 2,900 ዙር ይሄዳል። ከሱማሌ ተራ የባጃጅ ፊልትሮ ገዝተን ስንገጥምለት 2,750 ላይ ቆመ። ስናወጣው ተመለሰ። አዲስ አበባ እንደሆነች ድሮም አየሯ ስስ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ አቧራ የለም። ፊልትሮውን ብንተወው ምን ችግር አለው?»

እጃችሁ ይባረክ። ፎልስ መምረጣችሁም በከንቱ አይደለም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አውሮፕላን ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ሞተር ሲያበሩት ኖረዋል። ውሃ አይፈልግ፣ ራዲያተር አይፈልግ። ፕሮፔለሩን ያለ ማርሽ በቀጥታ ያዞራል። አዲስ አበባ ደግሞ መለዋወጫውንም ሆነ አመሉን ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ፊልትሮውን አትተዉት። የባጃጁን ግን ዛሬውኑ አውጡት።

150 ዙር ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ክንፉ የማይስተካከል ፕሮፔለር የጉልበት ሚዛን ማለት ነው። ዙሩን ሁለት እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። እስቲ 2,750ን ለ2,900 አካፍሉትና ያገኛችሁትን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት። 0.85 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ያቺ የባጃጅ ፊልትሮ ከሞተራችሁ ጉልበት 15 በመቶውን በልታለች። ከተማችን 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 40 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 30 ከሰጠ ተመስገን ነው። ከ30 ላይ ደግሞ አራት ከምናምን ሲቀነስ ከሜዳ መነሳትና አለመነሳት ይሆናል። በዚህ ላይ መደንገጣችሁ ልክ ነው። የተሳሳታችሁት ጥፋተኛውን ስትመርጡ ነው።

ደህና ፊልትሮ ስንት ይበላል? በአግባቡ የተመረጠ ፊልትሮ በሙሉ ነዳጅ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውሃ የሚያህል ግፊት (ውሃን በቱቦ ያን ያህል ከፍ የሚያደርግ) ቢያስቀር ነው። 10 ሴንቲሜትር ውሃ በእኛ ከፍታ ወደ 100 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ማለት ነው። ቸርችልን ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት እንደ መውጣት ያለ ነገር ነው። በጉልበት ሲታሰብ አንድ በመቶ ከምናምን ይሆናል፤ በዙር ከ10 እስከ 15። የዙር ቆጣሪያችሁ መርፌ ራሱ ከዚህ የበለጠ ይንቀጠቀጣል። የእናንተ ኪሳራ ከዚህ አሥር እጥፍ ነው። ይህ የፊልትሮ ባሕርይ አይደለም፣ የተሳሳተ ፊልትሮ ነው።

ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። ሞተራችሁ በትክክል 1,584 ሲሲ ነው። በሁለት ዙር አንዴ ነው አየር የሚስበው። በ2,900 ዙር፣ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይሞላም አስበን፣ በደቂቃ 2,000 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በሰዓት 120 ሜትር ኩብ ነው። ሦስት መኝታ ቤት አየር በሉት። የባጃጅ ሞተር 200 ሲሲ ነው። ቢጮህ ቢጮህ በደቂቃ 500 ሊትር አይሞላም። ለእሱ በተሠራች ስፖንጅ አራት እጥፍ አየር ስታሳልፉ የምታስቀረው ግፊት ቢያንስ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ደግሞ እስከ 16 እጥፍ። በጠባብ ስትሮ ጭማቂ እንደ መሳብ ነው።

ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ካንዴላዎቹን ፍቱና እዩ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የቤንዚን ገንዳው መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ያ ቀዳዳ ከፊልትሮው ውጭ ከሆነ ገንዳው የውጭውን ሙሉ ግፊት ያያል፣ ጉሮሮው ደግሞ የታነቀውን። ልዩነቱ ቤንዚኑን ገፍቶ ያስገባዋል። ወደፊት ከፊት ንፋስ የሚቀበል ሳጥን ስትሠሩ ነገሩ ይገለበጣል። ሳጥኑ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ገንዳው ውጭ ይቀራል፣ ድብልቁ ይሳሳል። በሳሳ ድብልቅ የሚሠራ ፎልስ ደግሞ ጭንቅላቱ ይግላል፣ የጭስ ቫልቩ ይቃጠላል። ስለዚህ የገንዳው መተንፈሻና የካርቡራተሩ አፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አየር ማየት አለባቸው። ብዙዎቹ የድሮ ፎልስ ካርቡራተሮች (ሶሌክሶች) ወደ ውስጥ ነው የሚተነፍሱት። የእናንተን ግን አይታችሁ አረጋግጡ፤ ከመኪና ወደ አውሮፕላን ሲዞር ቀዳዳ የሚደፍንና የሚበሳ ሰው አይጠፋም።

አሁን «ሰማይ ላይ አቧራ የለም» ላላችሁት። እውነት ነው፣ ከፍ ሲሉ አየሩ ይጠራል። ግን ሞተሩ ሰማይ ላይ አይኖርም። የሚነሳው፣ የሚሞቀው፣ የሚንከባለለው መሬት ላይ ነው። ፕሮፔለር ደግሞ ከፊቱ ያለውን አቧራ ጠርጎ የሚያነሳ ትልቅ መጥረጊያ ነው። አየር መግቢያው የት ነው? ልክ ከጀርባው። በተለይ እናንተ! ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ መሀል ፒያሳ፣ ባለፉት ዓመታት ያ ሁሉ ሲፈርስና ሲገነባ፣ ድንጋይና ሴራሚክ ሲቆረጥ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ፊልትሮ ሞተር ታስነሳላችሁ። አውሮፕላኗ ሳትበር ሞተሩ ሊያረጅ ነው።

ጥፋቱን የሚሠራው በዓይን የሚታየው ጠጠር አይደለም። ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ አስቡት። ይህ ብናኝ በፋሻው (ፒስተኑን በከበበው ቀለበት) እና በሲሊንደሩ መሀል ካለችው የዘይት ሽፋን ጋር ይመጣጠናል። ከአሸዋ የሚመጣው ኳርትዝ ደግሞ ከፋሻው ብረት ይጠነክራል። ዘይት ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይሠራል። አንድ ወዳጄ ተመሳሳይ ሞተር ያለ ፊልትሮ፣ ግንባታ አጠገብ፣ ለጥቂት ቅዳሜዎች ብቻ ፈትሾ ነበር። መጀመሪያ ዘይቱ ቶሎ ጠቆረ። ቀጥሎ ከመተንፈሻው ጭስ መጣ። መጭመቂያውን ስንለካ ሁለቱ ሲሊንደሮች ወርደዋል። ሞተር አወረደ። ሲፈታ ሲሊንደሮቹ ላይኛው ጫፍ ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ሠርተዋል። ለፊልትሮ የቆጠባት ገንዘብ የአንዱን ሲሊንደር ፋሻ አትገዛም ነበር። እሱ ራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው፤ ያኔ ግን አልሳቀም።

በነገራችን ላይ የሴት ስቶኪንግ አፉ ላይ የሚያስሩ አሉ። እሱ ፌንጣ ይይዛል። አቧራ አይይዝም።

እንግዲህ የቱ ይገዛ? በድሮው ፎልስ ላይ የነበረውን፣ ሥሩ ዘይት ያለበትን ጣሳ እንዳታስቡት። ለመኪና ግሩም ነገር ነበር። አውሮፕላን ግን ያዘነብላል፣ ይወዛወዛል፤ ዘይቱ ካርቡራተር ውስጥ ይገባል። ክብደቱም አለ። ዘይት የተቀባ የጥጥ ፊልትሮ ጥሩ ነው። አየር በደንብ ያሳልፋል፣ ይታጠባል፣ እርጥበት ቢያገኘውም ቶሎ አይታነቅም። ሮታክስ በሚባሉት የትናንሽ አውሮፕላን ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ የምታዩት ሾጣጣው እሱ ነው። ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። የወረቀት ፊልትሮ ከሁሉም በላይ ደቃቁን ብናኝ ይይዛል፣ ርካሽ ነው፣ እዚያው የባጃጁን በገዛችሁበት ተራ ሞልቷል። የ1.3 ሊትር ቪትዝ ጠፍጣፋ ፊልትሮ አስቡ። ያ መኪና ሲሮጥ ከ5,000 ዙር በላይ ይሄዳል። በደቂቃ የሚጠጣው አየር ከእናንተ ፎልስ ይበልጣል። ስለዚህ ለእናንተ ሰፊ ነው። ሰፊ ሲሆን ግፊት አይበላም፣ ቶሎም አይሞላም። እኔ ብሆን በዚህ እጀምራለሁ።

የወረቀት ጠላቱ ውሃ ነው። ለዚያ መላ አለው፣ እመጣበታለሁ።

ስፖንጅ ከሆነ ዕድሜውን ቁጠሩ። አንድ የታወቀ የአውሮፕላን ስፖንጅ ፊልትሮ አምራች በተወሰነ የበረራ ሰዓት ወይም በ12 ወር እንዲቀየር ያዛል። ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ከዓመታት በፊት አንድ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ስፖንጁን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ፍርፋሪው ካርቡራተሩ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወረቀትም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንዳንድ የወረቀት ፊልትሮዎች ከ500 ሰዓት በላይ እንዳያገለግሉ ያዘዘው ተበጣጥሰው ሞተር ውስጥ እንዳይገቡ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ሌባ እንምጣ። ብዙ ሰው ፊልትሮውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ ሰክቶ ኮፈኑን ይዘጋል። ኮፈኑ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከሲሊንደሮቹ ላይ ሙቀት ለቅሞ የመጣ ነው። ከውጭው በ25 ዲግሪ ቢበልጥ አየሩ 8 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አያችሁ? ፊልትሮው አንድ በመቶ ሲወስድ ሰው ሁሉ ይጮህበታል፤ ሙቅ አየር ስምንት ሲወስድ ማንም አያየውም፣ ምክንያቱም ኮፈን ከተዘጋ በኋላ ነው። ማቆሚያ ላይ ኮፈን ስለሌለ የእናንተ ሙከራ ይህን አያሳይም።

ስለዚህ ሳጥን ሥሩለት። ከቀጭን አሉሚኒየም ላሜራ ወይም ከፋይበር ግላስ ይሆናል። አፉ ወደ ፊት ይዙር፣ ውጭ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይቀበል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስትበሩ የፊት ንፋሱ ብቻ እስከ 9 ሴንቲሜትር ውሃ ግፊት ይመልሳል። ፊልትሮው የበላውን ንፋሱ ከፈለ ማለት ነው። በ90 ብትበሩ ግን 3 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ ብዙ ተስፋ አታድርጉበት። ፊልትሮውን ፊት ለፊት አትደቅኑት፣ ጠጠርና ዝናብ በቀጥታ ይመታዋል። አየሩ ታጥፎ እንዲገባበት አድርጉት። ሳጥኑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ውሃም ይወርድበታል፣ ካርቡራተሩ ሲያንጠባጥብ ቤንዚንም። ቤንዚን ሳጥኑ ውስጥ ከተኛና ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኋላ ከተኮሰ ፊልትሮው ይቀጣጠላል። ያ ከደረሰባችሁ ሞተሪኖውን አትልቀቁ፤ ሞተሩ እሳቱን ወደ ውስጥ ይሳበው። በዚያ ቅጽበት ደመ ነፍሳችሁ የሚነግራችሁ ግን «ልቀቀው» ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። እሳት ማጥፊያውም ቤት ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ይቀመጥ።

ከፊልትሮው ወዲህ፣ ወደ ሞተሩ በኩል፣ ምንም ነገር እንዳይፈታ። ብሎኑ በሽቦ ይታሰር። ዳዶው ከሳጥኑ ውጭ ይሁን። በሲሊኮን አትለጥፉ። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላቀቃል፣ ከዚያ መንገዱ አንድ ነው። ተጣጣፊ ቱቦ ከተጠቀማችሁም የውስጥ ሽፋኑ የማይላጥ፣ ሲሳብ የማይጨፈለቅ ይሁን።

ሁለተኛው በር ላይ ደግሞ ድርድር የለም። ፊልትሮ ያለው አውሮፕላን ፊልትሮው ቢታነቅ የሚተነፍስበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ላላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች የወጣው የአሜሪካ ደንብ ለረጅም ዘመን ሁለት የተለያዩ የአየር መግቢያዎችን ሲያስገድድ ኖሯል። የእናንተን ማንም ባያስገድዳችሁም የሐምሌ ዝናብ ያስገድዳችኋል። ወረቀቱ ረጥቦ ሲያብጥ ሞተሩ ባጃጅ ፊልትሮ እንደገጠማችሁለት ቀን ይሆናል፤ ያኔ ግን ግቢ ውስጥ አይደላችሁም። ከፊልትሮው በኋላ፣ ከካርቡራተሩ በፊት፣ ከመቀመጫ በገመድ የሚከፈት ክዳን ይኑር። እሱ አየሩን ጭስ ማውጫው ላይ ከተጠቀለለ ላሜራ ይውሰድ። አንድ ክዳን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሲታነቅ መተንፈሻ፣ ሲበርድ ማሞቂያ።

ማሞቂያ ለምን? ምክንያቱም አዲስ አበባ የካርቡራተር በረዶ አገር ናት። ቤንዚን ሲተን፣ አየሩም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ከ21 ዲግሪ በታችና እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን በረዶው በጣም ይወዳል። የሐምሌና የነሐሴ ቀናችን ይኸው አይደል? ከመኪናው ፎልስ ጋር የነበረ አንድ ጥበቃም ጠፍቶባችኋል። መኪናው ላይ የጭስ ሙቀት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ከመግቢያው ቧንቧ ጋር ተጣብቆ ይሄድ ነበር። አውሮፕላን ላይ ሲገጠም እሱ ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ በበረራ ላይ ዙሩ ያለ ምክንያት ቀስ እያለ ቢወርድ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። መጀመሪያ ይብስበታል። ሊያስል፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ በረዶው እየቀለጠ ውሃው እየገባ ነው። እዚህ ላይ ደንግጦ የሚዘጋ ብዙ ነው። አትዝጉ። መሬት ላይ ግን ይሠራ እንደሆነ ሞክራችሁ ወዲያው መልሱት፤ በዚያ በር የሚገባው አየር አይጣራም።

ስለ ጽዳት አንድ ነገር ብቻ። ጋራዥ ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉት። ያ የለመድነው ልማድ የወረቀቱን ቃጫ ይቀድደዋል። ያስነፋችሁት ፊልትሮ ካለ አምፖል ከኋላው አብሩና እዩ፤ የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ ጣሉት። ጥጥ ከሆነ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ በልኩ ዘይት ይቀባል።

ሳጥኑ ሲያልቅ በግምት እንዳትሄዱ። ፋርማሲ ገብታችሁ የግሉኮስ ቱቦ ግዙ። በሳጥኑና በካርቡራተሩ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ብሱና አንዱን ጫፍ እዚያ አያይዙ። ቀሪውን እንጨት ላይ በ«ዩ» ቅርጽ አጥፋችሁ እሰሩት፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ይሁን፣ አለዚያ ሞተሩ ውሃውን ይጠጣዋል። ግማሽ ድረስ ውሃ ሙሉት። ትንሽ ሻይ ጨምሩበት፣ እንዲታይ። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር አየር የሚስበው በትንፋሽ በትንፋሽ ስለሆነ ውሃው ይዘላል። ቱቦው ላይ ያለችውን የነርሶች ማጥበቂያ ጎማ ጠበቅ አድርጓት፣ ይረጋል። እንጨቱን ከፕሮፔለሩ ኋላና ርቆ አቁሙት። አንዳችሁ ነዳጁን፣ አንዳችሁ ውሃውን። ማቆሚያው በደንብ ይታሰር፣ ልጆች ከግቢው ይውጡ።

ሙሉ ነዳጅ ላይ የሁለቱ የውሃ ልኮች ልዩነት ከ10 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ፊልትሮው ሥራውን እየሠራ ነው። 25 ወይም 30 ካያችሁ አንድ ቦታ ጠብቧል። መጀመሪያ በባጃጁ፣ ቀጥሎ በቪትዙ ለኩት። ልዩነቱን በዓይናችሁ ስታዩ እኔን ማመን አያስፈልጋችሁም። ለበረራው ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ከአሁኑ ጀምሩ፤ ከሳጥኑ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሁለቱን ቁጥሮች ላኩልኝ። የአራቱን ካንዴላዎች ፎቶም ጨምሩ፤ የትኛው ካንዴላ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ሳትቀላቅሉ።